ስም የማይጠየቅበት በር

ጃኔሳ ያን ሐሙስ ክፍሉን ስታጸዳ አረፈደች። ምንጣፉን ሁለት ጊዜ ጠረገች፣ መስኮቱን በጋዜጣ ወለወለች፣ ሶፋው ላይ የተዘረገፉትን ብርድ ልብሶች አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተች። በሩ ሥር የተኮለኮሉትን ነጠላ ጫማዎች ካርቶን ውስጥ ሰበሰበች። ግድግዳው ላይ በየሚስማሩ የተንጠለጠሉትን ኩባያዎች አንድ በአንድ አውርዳ በወረቀት ጠቀለለች። ሩዝ መቀቀያዋን እንኳ አልማረቻትም።

እናቷ ሚልዋኪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የሆቴል ክፍል እያጸዳች ነው ያሳደገቻት። «ሰው ሲመጣ ቤትሽ አንገትሽን አያስደፋሽ» ትላት ነበር። ዛሬ የምትመጣው ሰው ደግሞ ክፍሉን ልታስወስድ የምትችል ናት።

ክፍሉ ከተማሪዎች ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም። ጥቁሮቹም፣ ላቲኖቹም፣ ወላጆቻቸው ከእስያ የመጡትም፣ የነባሩ ሕዝብ ልጆችም «ሳሎን» ነው የሚሉት። አዳራሹ ሁሉ በነጭ ተማሪ በሚሞላበት በዚያ ዩኒቨርሲቲ ለእነሱ ተብሎ የተተወው ይኸው አንድ ክፍል ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ደብዳቤ መጣ። ሰው የማይበዛባቸው ክፍሎች ከጥር ጀምሮ ለሌላ ሥራ ይሰጣሉ፤ ተቆጣጣሪ ሐሙስ ቀትር ላይ መጥታ ታያለች፤ የጎብኚዎች መዝገብም ይቅረብላት ይላል።

መዝገቡ ላይ ከመስከረም ወዲህ የተጻፉት ስሞች አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ።

ጥፋቱ የእሷ ነው። የክፍሉ ተጠሪ በሆነች ሰሞን አንዲት ልጅ ዓይኗ ቀልቶ መጥታ፣ በሩ ላይ መዝገቡን ስታይ «ማነው የሚያነበው?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ተመልሳ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ አልታየችም። ጃኔሳ ያን ቀን መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበትና ለሁሉም ተናገረች። እዚህ በር ላይ ስም አይጠየቅም። መግባት የፈለገች ጫማዋን አውልቃ ትገባለች፣ በቃ። እሷ ራሷ የመጀመሪያውን ዓመት ምሳዋን ሽንት ቤት ተደብቃ ስትበላ ነው የከረመችው፤ እዚህ ስትገባ ማን ነሽ ያላት አልነበረም። አንዷ ሶፋው ላይ እንደተጋደመች «በልተሻል?» ነው ያለቻት።

ጓደኛዋ ሶራይዳ ምሳዋን ታቅፋ ገባችና ጫማዋን እንዳወለቀች ደርቃ ቀረች።

«ምነው፣ ሙሽራ ልንቀበል ነው እንዴ? የሰው ሽታ እንኳ አላስቀረሽም።»

«አትቀልጂብኝ፣ ሴትዮዋ አሁን ትደርሳለች።»

«ኩባያዬስ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ።»

«ሻርፑንም አሸግሽው?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

ሻርፑ ቀይ ነው። ውስጥ የከፋት ካለች የበሩ እጀታ ላይ ይታሰራል፤ እስኪፈታ ድረስ ማንም አያንኳኳም።

«ልጆቹስ የታሉ? ሐሙስ ሁሉም ምሳ እዚህ ይበላ የለም እንዴ?»

«ሴትዮዋን እንዳናጨናንቃት ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ኑ ብዬ ጻፍኩላቸው።»

ሶራይዳ ምሳዋን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ቆይ እስቲ፣ ጃኒ። ሴትዮዋ የምትመጣው ሰው ይጠቀምበታል ወይ ብላ አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንቺ ያልተከራየ ባዶ ቤት አስመሰልሽው እኮ።»

ጃኔሳ መወልወያውን እንደያዘች ቀረች። ባዶዎቹን ሚስማሮች አየች። ወደ ቁም ሳጥኑ ሮጠች፤ የመጀመሪያውን ኩባያ ከወረቀቱ ሳታወጣ በሩ ተንኳኳ።

ተቆጣጣሪዋ ሚስስ ሊንድግረን ሽበታም፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በረዶ የያዘ ቦት ጫማዋን እንዳጠለቀች ገባች። ጃኔሳ ያውልቁ ማለት አልሆነላትም።

«እንዴት ያለ ንጹሕ ክፍል ነው» አለች ሴትዮዋ፤ አለችና ጻፈች። የጻፈችውን ጃኔሳ ከቆመችበት ማየት አልቻለችም።

«በሳምንት ስንት ሰው ይመጣል?»

«ብዙ ነው።»

«ብዙ ስንት ነው?»

ጃኔሳ መዝገቡን ሰጠቻት። ሴትዮዋ ገለጠች፤ ባዶውን ገጽ ሁለት ሦስቴ አገላበጠች።

«ስማቸውን የማይጽፉት ለምንድነው?»

«ስለማንጠይቃቸው ነው።»

«እኔ ደግሞ ብዙ የሚለውን ቃል የምጽፍበት ቦታ የለኝም፣ ልጄ። ቁጥር ነው የሚጠይቁኝ።» በክፋት አልነበረም ያለችው። ይህ ደግሞ ጃኔሳን የበለጠ አስፈራት።

ይኼን ጊዜ በሩ ተከፈተና ማይቺ ገባች። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ ወላጆቿ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ የሞንግ ሕዝብ ልጅ። ቆይታችሁ ኑ የሚለውን መልእክት አላየችውም ይሆናል። ፊቷ በእንባ ረጥቧል። ማንንም ሳታይ ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላ ጫማዋ ወደሚቀመጥበት ጥግ ሄደች፣ አጣችው። በካልሲ እንደቆመች ባዶውን ወለል አየች።

«የኔስ?» አለች። ድምፅዋ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ሚስስ ሊንድግረን ዞር አለች። «ጎሽ፣ ይኸው አንዷ መጣች። አንቺ እዚህ ቶሎ ቶሎ ትመጫለሽ?»

ማይቺ አንገቷን ደፋች። ሶራይዳ ጃኔሳን አየቻት። ልጅቷ አዎ፣ በየቀኑ ብትል ይበቃል። አንድ ምስክር ነው። ጃኔሳ ይህን አስባለች፣ አላሰብኩም ብትል ውሸት ነው። ማይቺ ግን በሩን ታያለች፤ ያቺ መዝገቡን አይታ የተመለሰችው ልጅም እንደዚሁ ነበር ያየችው።

ጃኔሳ እጇን ኪሷ ከተተች።

«ሚስስ ሊንድግረን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ውጪ ይጠብቁን።»

«አልጨረስኩም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ከወጣሁ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።»

«አውቃለሁ» አለች ጃኔሳ። ሴትዮዋን እስከ በሩ ሸኝታ ሻርፑን የውጪው እጀታ ላይ አሰረችና በሩን ከውስጥ ዘጋች።

ሶራይዳ አንድ ብርድ ልብስ አወጣችና ማይቺ ትከሻ ላይ ጣለችላት።

«በልተሻል?» አለች ጃኔሳ።

ማይቺ ራሷን ነቀነቀች፤ አልበላችም። ምን እንደሆነችም አልጠየቋት። ሩዝ መቀቀያዋ ወጣች፣ የሶራይዳ ምሳ ለሦስት ተከፈለ። ጃኔሳ ግን ጆሮዋ ውጪ ነበር። ከኮሪደሩ አንድም ድምፅ አይሰማም። ሄዳለች ማለት ነው። አሥራ አንድ ብላ ጽፋ ሄዳለች። ጥር ላይ እዚህ የማን ጠረጴዛ እንደሚቀመጥ፣ ማይቺ ምሳዋን የት እንደምትበላ እያሰበች ሩዙን በማንኪያዋ አገላበጠች።

«ሴትዮዋ በኔ ምክንያት ነው የወጣችው?» አለች ማይቺ ቆይታ።

«እኔ ነኝ ያስወጣኋት።»

«እንዴት ደፈርሽ?»

«እኔም አሁን ገና ነው የፈራሁት።»

ማይቺ ትንሽ ሳቀች፣ ፊቷንም በብርድ ልብሱ ጠረገች። ጃኔሳ ያኔ ተነሥታ በሩን ከፈተች።

ኮሪደሩ ሞልቷል። ልጆቹ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ምሳቸው ጭናቸው ላይ፣ ጫማቸው ወልቆ ጎን ለጎን ተደርድሯል። የሚያወራ የለም። ሚስስ ሊንድግረን ከመካከላቸው ቆማለች።

«ለመሆኑ ሁልጊዜ…» ብላ ስትጀምር እግሯ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ቀና አለች።

«ቀስ ብለው ያውሩ፣ ሚስስ። ሻርፑ አልተፈታም።»

ጃኔሳ ሻርፑን ፈታች። ሴትዮዋ ግን ድምፅዋን ዝቅ እንዳደረገች ቀጠለች።

«ሃያ ሦስት ናቸው። ስም አልጠየቅኩም።»

«ይጽፉታል?»

«እጽፈዋለሁ። አሥራ አንዱንም ግን እጽፋለሁ፤ ሁለቱም ያየሁት ነው። የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፣ ልጄ።» ጫማዎቹን እንዳትረግጥ እየተጠነቀቀች ሄደች።

ልጆቹ ገቡ። «ኩባያዬስ?» «የኔስ የታል?» «ማነው እንዲህ የዘረፈን?» ይባባሉ ጀመር።

«ሌባዋ ይህችውላችሁ» አለች ሶራይዳ፣ ጃኔሳን እየጠቆመች።

ጃኔሳ ወረቀት እየፈታች ታቀብላቸዋለች። ሁለቱ ቁጥሮች ጭንቅላቷ ውስጥ ይዞራሉ፤ የትኛው እንደሚያመዝን አታውቅም። የትኛው ኩባያ የየትኛው ሚስማር እንደሆነም ጠፍቷት ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን አልጠፋቸውም፣ እየተቀበሏት ራሳቸው ሰቀሉት። እሷ ተንበርክካ ካርቶኑን መበርበር ጀመረች። የማይቺ ነጠላ ጫማ ከሁሉ ሥር ነበር። አወጣችና፣ ሳትወለውለው፣ ማይቺ እግር ሥር አኖረችላት።