ጃንጥላዬን አዘንብዬ

ማዕረግ ፕሮፔለሩን ይዞ ይገባ ይሆን ወይስ እነሕያብ ቤት ያሳድረው ይሆን? ያን ቅዳሜ ማምሻውን በር በሩን እያየሁ ራሴን ስጠይቅ ቆየሁ።

የልጅ ልጄ ማዕረግ ሐይቁ ዳር፣ ጋባ በሚባለው ሰፈር ዓሣ ገበያው አጠገብ የሚያስራት አንዲት ትንሽ ፈጣን ጀልባ አለችው። በዕድሜ ከእናቱ ትበልጣለች፤ አንድ ሆቴል ጓሮ ዶሮ ሲፈለፈልባት ነው ያገኛት። ሞተሯ ከኋላዋ የሚንጠለጠል፣ ገመድ ተስቦ የሚነሳ አሮጌ ነው። ከሞተሩ ግርጌ ውኃውን የሚገፋው ባለ ሦስት ቅጠል ብረት ፕሮፔለር ይባላል፤ እዚያ ካደረ ጠዋት አይገኝም፣ ቁርጥራጭ ብረት ገዢው ብዙ ነው። ስለዚህ ባለጀልባው ሁሉ ማታ ማታ ፈትቶ ይዞት ይገባል። የእኛው በአሮጌ ነጠላዬ ተጠቅልሎ ከአልጋዬ ሥር ያድራል። እሱ ቤት ካለ ማዕረግ ውኃ ላይ የለም ማለት ነው። እንቅልፌ ከዚያ ብረት ጋር ነበር የሚመጣው።

እኔ ውኃ እፈራለሁ፤ ጀልባዋን ረግጬ አላውቅም። ግን ያለእኔ አትስተካከልም ነበር። "ውስጥ ሆኜ ማዕበሉ ያታልለኛል እማማ፤ አፍንጫዋ ምን ያህል እንደተነሳ የሚያየው ከዳር ያለ ሰው ነው" ይለኛል። ከቅዳሴ መልስ ታክሲ ይዤ ጋባ እወርድና ዳር ላይ እቆማለሁ። ስታልፍ ጃንጥላዬን አጥፌ በሁለት እጄ እይዘዋለሁ። አፍንጫዋ ከተነሳ ጫፉን አነሳለሁ፤ ከደፋች እደፋዋለሁ። እሱ ያንን አይቶ ፒን የሚሉትን የብረት ችንካር ቦታ ይቀይራል። ሞተሩ በተሰቀለበት ብረት ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ፒኑ ወደ ጀልባዋ ሲቀርብ አፍንጫዋ ዝቅ፣ ሲርቅ ከፍ ይላል። ከልክ በላይ ከፍ ካለ እንደ እንቁራሪት ትዘላለች፤ ከልክ በላይ ዝቅ ካለ ውኃ ትቆፍራለች። ስምንተኛ ክፍል የደረስኩት በከንቱ አይደለም፣ ገብቶኛል። ሞተሩ በባዶው እየጮኸ አልሄድ ሲል ፕሮፔለሩን ካትዌ ብረት በያጆች ጋ ወስዶ የተበላውን ቅጠል አስበይዶት ነበር፤ ያን ጊዜም "አሁን ድምፁ ወፈረ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሕያብ መጣች። አባቷ ተስፋማርያም የምጽዋ ሰው ነው፤ እዚያው ጋባ ጀልባ ይጠግናል። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ ልጅ። መጣችና ጀልባዋ ላይ ከፊት ተቀመጠች።

"ብቻህን ስትሆን የሚስማማህ ቀዳዳና ሰው ሲጨመር የሚስማማህ አንድ አይደለም" አለችው እኔው ፊት። "ክብደቱን ከፊት አድርገህ እንደገና ሞክር።"

ጀልባዋ ለሁለት ሰው ትስተካከል ጀመር። እኔ ዳር ላይ ነኝ።

ያን ቅዳሜ ማዕረግ ባዶ እጁን ገባ።

"ብረቱስ?"

"እነሕያብ ቤት። ለውኃው ይቀርባል እማማ፤ በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ብረት ታቅፌ ከምጋፋ።"

"ታዲያ አንተስ ለምን እዚያው አላደርክም?"

ሳቀ። "ቀናሽ እንዴ?"

"በብረት? በብረት ማን ይቀናል! ራት ላቅርብ?"

"ሮሌክስ በልተናል።"

በልተናል። ሮሌክስ የሚሉት ቻፓቲ ቂጣና እንቁላል ለሁለት ተጠቅልሎ ታየኝ። ሳህኑን መልሼ ከደንኩት።

በማግስቱ ጋባ ነበርኩ። ከፊት እሷ፣ ከኋላ እሱ። ጀልባዋ ውኃው ላይ ለጥ ብላ አለፈች፤ ሻይ ቢቀመጥባት አይደፋም። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። ልቤ ደስ ሊለው ሲል አንድ ነገር ጨመደደው፤ እኔ ይህን ሁሉ እሑድ ቆሜ ያልሆነውን እሷ ተቀምጣ አመጣችው።

ማዕረግ ሞተሩን አቀዝቅዞ ወደ እኔ ዞረ። ጃንጥላዬን አነሳሁ። ጫፉን ወደ ሰማይ አደረግሁት።

"ይህን ያህል?" ብሎ ጮኸ።

"ይህን ያህል!"

ሕያብ ራሷን እየነቀነቀች አንድ ነገር አለችው። የእሱ መልስ ውኃውን ተሻግሮ ተሰማኝ፤ "የእማማ ዓይን አይሳሳትም!"

የልጅቷ ሒሳብ እንዳልሠራ አይቶ ያወርዳታል ብዬ ነበር። አላወረዳትም። ፒኑን ወደ ጀልባዋ አንድ ቀዳዳ አቀረበና ነዳት። ፍጥነት ሲይዝ አፍንጫዋ ውኃው ውስጥ ተቀረቀረ፤ ማንም ሳያዞራት በራሷ ወደ ግራ ተጠመዘዘች። ሕያብ ከመቀመጫዋ ተፈናጥራ የጀልባዋ ጎን ላይ ተላተመች። ዓሣ ሻጮቹ ከየመደባቸው ተነሱ። ጃንጥላው ከእጄ ወደቀ።

"ለምን ተነቃነቅሽ?" እያለ ይጮህባታል ዳር ሲደርሱ። ድንጋጤው ነው የሚያስጮኸው፤ አውቀዋለሁ። እሷ ክርኗን ይዛ እኔን አየችኝ። ረዘም አድርጋ አየችኝ።

"ይቅርታ" አለችው።

ማታ ፕሮፔለሩ ወደ አልጋዬ ሥር ተመለሰ። "ከእንግዲህ እኔና አንቺ እንበቃለን እማማ፤ እሷ ከፊት አትቀመጥም" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። ራት ሁለት ጊዜ አቀረብኩለት። ግን ክርኗስ ተሰብሮ ቢሆን? ውኃው ውስጥ ወድቃ ቢሆንስ? እሱስ አብሮ ቢሆን? በማግስቱ ሱቄ ውስጥ በርበሬ ስመዝን ይኸው ብቻ ነበር የሚመጣብኝ።

በሳምንቱ መሐል ሕያብ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዛ ቤቴ መጣች። ማዕረግ ጓሮ ነበር።

"አደይ ቆንጂት፣ እንዴት ሰነበቱ?" አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ማን እናት አደረገኝ!

"ተሰበረ?" አልኳት።

"ተቀጥቅጦ ነው፣ ይድናል።" ወደ ጓሮ አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አደይ፣ ያን ዕለት ጀልባዋ ለጥ ብላ ነበር የሄደችው። የተቀመጠባት ሰው በወገቡ ያውቀዋል።"

ዓሣውን ተቀበልኳት። "ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

"ያኔውኑ ነገርኩት እኮ። ያመነው እርስዎን ነው።" ፈገግ አለች። "አሁን ብነግረው ግን ያምነኛል። የፈራሁት ማመኑን ነው። እርስዎን ካጣ ማንን ዳር ያቆማል?"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በደግነቷም ቀናሁባት። ይህንንም ልትቀድመኝ?

ማዕረግ እጁን እየጠረገ ገባ። "መጣሽ?" አላት እንደ እንግዳ።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ያን ቀን እኔ ባልነቃነቅ ኖሮ..."

ከዚያ በላይ ልሰማት አልቻልኩም። ተነሳሁና ከበሩ ጀርባ ጃንጥላዬን አወጣሁ። አጥፌ በሁለት እጄ ያዝኩት። ልክ እንደ ጠረጴዛ፣ ለጥ አድርጌ።

"ምንድነው እማማ?" ብሎ ሳቀ። "ዝናብ እኮ የለም።"

አላወረድኩትም። ጫፉንም አላዘነበልኩትም። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ጃንጥላውን አየ፤ የታሰረውን ክንዷን አየ።

"እሑድ?" አለኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ሕያብ "ማዕረግ..." ብላ ልትነሳ ስትል እሱ ክፍሌ ገብቶ ነበር። አልጋዬ ሲንቋቋ ሰማሁ። ፕሮፔለሩን ይዞ ወጣ፤ ነጠላዬን ከላዩ ፈትቶ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ጃንጥላው መንገዱን ዘግቶበታል። ዝቅ ላድርገው ወይስ ከፍ? ሳልወስን፣ ጎንበስ ብሎ በሥሩ አለፈና ብረቱን ታቅፎ ወደ ጋባ ታክሲ ወጣ።