ዝቅ ብሎ የተቃኘ ጊታር

ፍሪጅ ሠሪው እሁድ እሁድ ሱቁን የሚከፍተው ከሁሉም ቀድሞ ነው። ሥራ ኖሮበት አይደለም፤ ጊታሩን የሚቃኘው ሰው በሌለበት ስለሆነ ነው። የተጠገኑትንም ያልተጠገኑትንም ፍሪጆች ወደ ግድግዳው ይገፋል፣ የሚያጉረመርሙትን ከሶኬት ይነቅላል፤ ከዚያ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጥና ክሮቹን አንድ በአንድ ያላላቸዋል። መሆን ከሚገባቸው ቦታ ዝቅ፣ ደግሞ ትንሽ ዝቅ።

ነገሩ የተጀመረው ከዓመታት በፊት፣ እሁድ እሁድ እዚሁ ሱቅ የሚለማመደው የባንዳቸው ድምፃዊ ጉሮሮውን ታሞ የተነሣ ጊዜ ነው። ድምፃዊው የፍሪጅ ሠሪው እህት ባል ነው። በሙያው ፀጉር አስተካካይ ቢሆንም ሰው ሁሉ የሚጠራው «ነጎድጓድ» እያለ ነው፤ ያለ ማይክ ሲዘፍን የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። ከሕመሙ በኋላ በአንድ የምረቃ ግብዣ ላይ «ጣራው ያፈሳል» የምትለዋን፣ ስሙን ያስጠራችውን ብሉዝ ሲዘፍን፣ ከላይኛዋ ድምፅ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ተመራቂዋ ኬክ እየቆረጠች ስለነበር ልብ ያለው ሰው የለም። እሱ ግን ከመድረክ ሲወርድ፣ «እዚያች ድምፅ ላይ መድረስ ያቃተኝ ቀን ማይኩን ሰቅዬ መቀሴን ይዤ እቀመጣለሁ» አለ። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ሲጋራ አቆምኩ ያለ ጊዜ የለኮሳትን እንኳ አልጨረሳትም።

በሚቀጥለው ልምምድ ፍሪጅ ሠሪው ጊታሩን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ጠበቀው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ዳቦ ጋጋሪ የመጀመሪያውን ክር እንደነካ ቀና ብሎ አየው። ፍሪጅ ሠሪው መሬት መሬቱን አየ። ጋጋሪው የራሱንም ክሮች አላላ። ነጎድጓድ መጣ፣ ዘፈነ፣ ላይ ደረሰ። «አያችሁ፣ ጉንፋን ነበር» አለ። ድራም የሚመታው የአውቶቡስ ሾፌር ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባውም፣ «እኔ የያዝኩት ፍሬን ነው እንጂ መሪ አይደለም» ብሎ ምቱን ቀጠለ።

ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ክሮቹም እየወረዱ ሄዱ። ነጎድጓድ ደንበኛ በተቀመጠለት ቁጥር፣ «በጎረምሳነቴ የዘፈንኩበት ቦታ ላይ ነኝ ዛሬም፤ ጣት ታህል አልወረድኩም» ይላል። ደንበኛው አንገቱ ላይ ምላጭ ስላለ አይከራከርም።

የነጎድጓድ ልጅ ባትመጣ ኖሮ ነገሩ እንዲሁ ተሸፋፍኖ ይቀር ነበር። ልጅቱ ነርስ ናት፤ ሌላ ከተማ ስትሠራ ቆይታ ወላጆቿ ወዳሉበት ተዛወረች። በነርሶች ማደሪያ ብቻዋን ስትሆን ሃርሞኒካ ተምራለች፤ የተማረችውም የአባቷ ባንድ በወጣትነቱ ከቀዳው ካሴት ነው። አንድ ቀን አጎቷ ፍሪጅ ሠሪው ባለበት፣ እራት ላይ፣ ከቦርሳዋ አውጥታ «ጣራው ያፈሳል»ን ስትነፋው ነጎድጓድ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«የሠራተኞች ክበብ ዝግጅት ላይ አብረሽን ትወጫለሽ» አላት። «አጎትሽ ምን ይላል?»

አጎቷ ሃርሞኒካውን አየው። ሃርሞኒካ እንደ ጊታር አይላላም፣ አይጠብቅም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን ድምፅ ይዞ ይኖራል። የልጅቱ ደግሞ ለዚያ ለአሮጌው፣ ለላይኛው ቅኝት የተሠራ ነው።

«ደስ ይላል» አለ።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ሄደ። ጋጋሪው ሊጥ እየቆረጠ ነበር።

«ንገረው» አለ ጋጋሪው፣ ቀና ሳይል።

«ምን ብዬ?»

«እንዳረጀ።»

«አንተ ንገረዋ።»

«የማን አማች ሆነና ነው እኔ የምነግረው? እኔ ያላላሁት አንተን አይቼ ነው።»

«ይተዋል እኮ። ማይኩን ይሰቅለዋል። ከዚያ ማን ሊዘፍን ነው? አንተ?»

«እኔ ከዘፈንኩማ ሊጡም አይነሣ» አለ ጋጋሪው። ሊጡን ገልበጥ አድርጎም፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሚስቱ ሳትቀር የምታውቀውን እሱ ብቻ አያውቅም። አንድ ቀን ከሜዳ ከሚሰማው ከአንተ ቢሰማው አይሻልም?» አለ።

ፍሪጅ ሠሪው እነግረዋለሁ ብሎ ወጣ። በዚያ ሳምንት ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሁለቴ ደርሷል። አንዴ ሰው በዝቶ ነበር። አንዴ ደግሞ ማንም አልነበረም፤ ይኼኛው ባሰበት። ሁለቴም ተመለሰ።

እሁድ ነጎድጓድ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ልጁን ከፊት አስቀድሞ ገባ። ፍሪጅ ሠሪው የሚያደርገው ጠፍቶት የለመደውን አድርጎ ነበር፤ ጊታሩ ላልቷል። ሾፌሩ አስጀመረ፣ ቤዙ ተከተለ፣ ጊታሩ ገባ፣ ልጅቱ ነፋች። ድመት ጅራቷን ብትረገጥ እንዲያ አትጮኽም።

ነጎድጓድ እጁን አነሣ። «ስተሻል፣ ልጄ።»

እንደገና ጀመሩ። ያው ሆነ።

«ስተሻል እኮ ነው የምልሽ። አዳምጫቸውና ግቢ።»

«አባዬ፣ ይኼ እኮ አይስትም። የተሠራበትን ነው የሚያወጣው። ከካሴቱ ጋር ልክ ነው።»

«ካሴቱ አርጅቷል፣ ይፈጥናል» አለ ሾፌሩ፣ የረዳ መስሎት።

«ካሴቱስ ፈጠነ፤ ሃርሞኒካው ምን ሆኖ ነው?» አለች ልጅቱ።

«ብቻ መንፋትና ከሰው ጋር መጫወት ይለያያል» አለ ነጎድጓድ፣ ድምፁ ጠንከር ብሎ። «ማደሪያ ቁጭ ብሎ ለግድግዳ መንፋት ሙዚቃ አይባልም። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ልጅቱ ሃርሞኒካውን በመሐረብ ጠርጋ ወደ ማኅደሩ መመለስ ጀመረች። አላለቀሰችም፤ ክፉ ቃል ከበሽተኛም ከሐኪምም ለምዳለች። ጆሮዋ ግን ቲማቲም መስሎ ነበር። ፍሪጅ ሠሪው ያንን ጆሮ አየ። ጋጋሪው ደግሞ እሱን አየው።

«ቆይ እስቲ» አላት ፍሪጅ ሠሪው። «አንዴ ንፊልኝ። ረዘም አድርገሽ።»

ነፋች። እሱም በሁሉም ፊት መቃኛዎቹን ይዞ ማጥበቅ ጀመረ። ክሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ገና ወጣ። ምን ያህል ወርደው እንደነበር እሱም ዘንግቶት ኖሯል። ቀጭኗ ክር ልትበጠስ ደርሳ ተረፈች። ጋጋሪውም የራሱን አጠበቀ። ነጎድጓድ እጁን አጣምሮ ያያቸዋል።

ጀመሩ። አሁን ሃርሞኒካውና ጊታሩ ልክ ገጠሙ። ነጎድጓድ ዘፈነ። ከላይኛዋ ቦታ ሲደርስ አፉ ተከፈተ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ የወጣው ግን አየር ብቻ ነው።

ሾፌሩ የድራም ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋደማቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ነጎድጓድ።

«ከታመምክ ወዲህ፣ ጋሼ።»

«ሁላችሁም?»

ጋጋሪው ቤዙን ከትከሻው አወረደ። ነጎድጓድ ኮቱን ከአንዱ ፍሪጅ ላይ አንሥቶ ወጣ። ልጁም ተከተለችው።

በማግስቱ የፍሪጅ ሠሪው እህት ሱቁ በር ላይ ቆመች። «ምን አደረጋችሁት? ራዲዮ እንኳ ክፈቺ አላለኝም። ለነገሩ አንተ ፀጉርህ አድጓል፤ ሄደህ ተቆረጥ» አለችና ሄደች።

ሄደ። ነጎድጓድ ወንበሩን በፎጣ አራገፈና፣ «ተቀመጥ» አለው። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት። «ጠበቀብህ? ላላላህ? ማላላት እንደሆነ ነፍስህ ነው።»

«ይሁን፣ ደህና ነው።»

ፀጉሩን ቆርጦ ጨረሰ። ሳሙናውን ቀብቶ ምላጩን ሲያነሣ ነው ወሬ የጀመረው።

«በምን እንደተናደድኩ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። አፍህን አታንቀሳቅስ፣ ምላጭ ነው። ያልሳተች ልጄን ስተሻል አልኳት። አንተም ቆመህ ሰማህ።»

«ሰማሁ።»

«ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹እኛ የሰው ደም ግፊት ሲወርድ ለሰውየው እንነግረዋለን እንጂ መሣሪያውን አናስተካክልለትም፣ አባዬ።› አንዲት ልጅ የምታውቀውን ሦስት ጎልማሳ አጣችሁት።» ምላጩን በጨርቅ ጠረገ። «ሁለተኛ ነገር ደግሞ፣ ዝቅ ካደረጋችሁት አይቀር ለምን በወጉ አላደረጋችሁትም?»

«እንዴት?»

«አሁንም እኮ ይቧጥጠኛል። ዘፍኜ በገባሁ ቁጥር በሙቅ ውሃ ነው የምጉመጠመጠው፤ እህትህን ጠይቃት። እዚያው ነኝ፣ አልወረድኩም ብዬ ስታገል። መውረዴን ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ ጨምራችሁ አውርዱ እል ነበር።»

«ማይኩን እሰቅላለሁ ብለህ ነበራ፣ ጋሼ።»

«ብዬ ነበር።» ነጎድጓድ መስታወቱ ውስጥ አየው። «ልሰቅለውም ነበር። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ያቺን ድምፅ ሳልደርስባት ነው የዘፈንኩት። ሰውም መጣ፣ አጨበጨበ፣ ቤቱ ገባ። ሰው ላላለቀሰላት ድምፅ እኔ ብቻዬን ልቅሶ ልቀመጥላት?» አገጩን ቀና አደረገለት። «ከእንግዲህ ግን አንድ ክር ብታላላ ትነግረኛለህ። ካልነገርከኝ ሌላ ፀጉር ቤት ፈልግ።»

በሚቀጥለው ልምምድ ነጎድጓድ ፊቱን ወደ ጊታሩ አዞረ። «ዝቅ። ገና። ገና ነው። እዚያ ጋ ቁም።» ክሮቹ ላልተው እንጨቱን መምታት ስለጀመሩ ፍሪጅ ሠሪው ወፍራም ክር ገዝቶ ለወጠ። ሾፌሩም ምት ቀነሰ፤ ዘፈኑ በዚያ ዝቅታ መሮጥ አልሆንለት ብሎ ነበር። ልጅቱ ለዚህ ቅኝት የሚሆን ሃርሞኒካ አዘዘች፤ ለክበቡ ዝግጅት ግን አልደረሰም። ስለዚህ የዝግጅቱ ዕለት ሁለት ዜማ ያለ ድምፃዊ በፊተኛው ቅኝት ነፍታ፣ ጭብጨባዋን ተቀብላ፣ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ክሮቹ ወረዱና ነጎድጓድ «ጣራው ያፈሳል»ን ከታች ጀመረ፤ ወፈር ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ለጎረቤት እንደሚያወራ ሰው።

ሲያበቃ አንድ የቆየ ደንበኛው መድረኩ ሥር ጠበቀው።

«ድምፅህ አንድ ነገር ሆኗል» አለው።

«ምን ሆነ?»

«እንጃ። ድሮ ጩኸቱን ነበር የምሰማው። በዘፈኑ ያለው ሰውዬ ከሚያፈሰው ሥር ባልዲ ደቅኖ እንደሚያድር እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።»

ነጎድጓድ ማይኩን ለሾፌሩ አቀበለ። «ሁልጊዜም ባልዲ አለው» አለ። «አንተ ግን ሐሙስ ብቅ በል፤ ማጅራትህ ላይ ፀጉርህ ወርዷል።»