የሦስተኛው ሳፋ ውሃ

ሆሳዕና ውስጥ ሳህን የምታጥብ ሴት ሁሉ ከእናቷ የወረሰችው ዘዴ አላት። ሳህኑን መጀመሪያ በኮባ ቅጠል ትጠርገዋለች። በአንደኛው ሳፋ ታጥበዋለች፣ በሁለተኛው ታለቀልቀዋለች፣ በሦስተኛው ደግማ ታለቀልቀዋለች። አንደኛው ሲደፈርስ ይደፋል፤ ሁለተኛው ወደ አንደኛው፣ ሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ይገለበጣል። አዲስ ውሃ የሚያገኘው ሦስተኛው ብቻ ነው። ውሃ በፈረስ ጋሪ፣ በበርሜል በሚመጣበት አገር ሌላ መላ የለም።

ጓድ ወንዳፈረው የቀበሌው ምግብ ቤት ሊቀመንበር በሆነ በዓመቱ ይህን ዘዴ እሱ አገኘው። ስብሰባ ጠርቶ «አብዮታዊ አለቃለቅ» የሚል ስም አወጣለት፤ አጣቢዋን ትርፊትንም ከምሳ በኋላ እስኪመሽ ድረስ አስተማራት። ትርፊት አንገቷን ደፍታ ሰማች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿ የሚያድሩት በዚህ ቤት እንጀራ ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው አጣቢ የተባረረችው ሊቀመንበሩ ሲናገር በማዛጋቷ ነበር።

በጋው ከርሮ ምንጩ በነጠፈበት ሰሞን ከክፍለ ሀገር እንግዶች መጡ። በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ፣ አታካና ቀረበላቸው፤ በእጃቸው በልተው እስከ አንጓቸው ወዙ። ወንዳፈረው ግን ቁጠባውን ለማሳየት ሲል የዕለቱን ውሃ በሙሉ ለሳህን መድቦት ኖሮ የእጅ መታጠቢያ አልተረፈም። ትርፊትን ወደ ጓዳ ጠራትና ከሦስተኛው ሳፋ በማንቆርቆሪያ ቀድታ እንድታስታጥብ አዘዛት። እሷ የሳህን እጣቢ ነው እንዴት ተደርጎ ብላ ብትለምነው፣ እንግዲያው ነገ እንዳትመጪ አላት።

ቀዳች። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ እንግዶቹ ወጣች። እዚያው ሆሳዕና ዙሪያ የሌሞ ልጅ ናት፤ በሌሞ ለእንግዳ እጅ እጣቢ ማፍሰስ ከመስደብ ይብሳል። የእንግዶቹ አለቃ ደግሞ ጋሽ አክሊሉ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው፣ አባቷን ያህላሉ። እጃቸውን ዘረጉላት። ማፍሰስ አቃታት። ልጆቿን አሰበችና መመለስም አቃታት።

ወንዳፈረው በበኩሉ ከእንግዶቹ ፊት ቆሞ ንግግሩን ያወርደዋል። በአብዮታዊ አለቃለቅ ከሦስተኛው ሳፋ የሚወጣው ውሃ መታጠብ ቀርቶ ይጠጣል እያለ ነው።

ትርፊት ይህን ስትሰማ ልቧ መለስ አለ። እሱ ከቀመሰላቸው ኃጢአቱም የእሱ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በእኛ አገር ለእንግዳ የሚቀርበውን ባለቤቱ ይቀምስለታል። ለጋሼ ይቅመሱላቸው።»

ጋሽ አክሊሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ቅመስልን እንጂ ጓድ።»

ብርጭቆ መጣ። ትርፊት ቀዳችለት። ውሃው ላይ የቅቤ ዓይኖች እየተንሳፈፉ ይገላመጣሉ። ወንዳፈረው አየው፤ እንግዶቹን አየ፤ ጨለጠው።

«እንዴት ነው?» አሉት ጋሽ አክሊሉ።

«ከምንጭ አይለይም» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ግን እጁን የዘረጋ ሰው አልነበረም። አንዱ በመሐረቡ፣ ሌላው በሱሪው ጠርጎ ሁሉም እጃቸው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ብዙም ሳይቆይ ውሳኔ መጣ። እጣቢው የሚጠጣ ከሆነ ያን ያህል ውሃ ለምን ያስፈልጋል ተብሎ የምግብ ቤቱ በርሜል በግማሽ ተቀነሰ። ቤቱም አርአያ ተባለና ከቦኖሻም ከሀቢቾም ጎብኚ ይጎርፍ ጀመር። የመጣው ሁሉ ማየት የሚፈልገው ሳፋውን ሳይሆን ሊቀመንበሩ ሲጠጣ ነው።

ትርፊትን ማባረር ቀርቶ ቀና ብሎ የሚያያት ጠፋ፤ ያለ እሷ ትርኢቱ የለማ። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ ታቀርብለታለች። እስኪጨልጠው ድረስም ከፊቱ ንቅንቅ አትልም።