ትፋውና ተወው

ለጉሮሮ ካንሰሩ የተሰጠው ጨረር የአባቴን ምራቅ አደረቀው፤ ጥርሱም ይቦረቦር ጀመር። እኔ የጥርስ ሐኪሟ ልጁ ሁልጊዜ እጨቀጭቀዋለሁ።

«አባዬ፣ የጥርስ ሳሙናውን ትፋውና ተወው፤ በውሃ አትጉመጥመጥ! የሳሳውን የጥርስህን ሽፋን የሚጠግነው ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ላዩ ላይ ሲቆይ ነው።»

«እኔ እያለቅሁ፣ አፈር ለሚበላው ጥርስ ነው የምትነዘንዢኝ?»

ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይጉመጠመጣል። እኔም በሩን ድርግም አድርጌ እወጣለሁ።

ትናንት ግን ታከተኝና ምንም ሳልለው ተኛሁ።

ጠዋት አልጋው ላይ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ፊቱን ልጠርግለት ጎንበስ ስል፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል። መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ብሩሹ እርጥብ ነው፤ ብርጭቆውን ግን ጠብታ ውሃ አልነካውም።