አዲስ የተደፋ አሸዋ

ዘመድን «ከቤቴ ውጣልኝ» ማለት ነውር ነው። የሚስት ወንድምን ደግሞ ጨርሶ አይባልም። ሀዚም ይህን ስለሚያውቅ በረዶው ጥሎ እስኪቀልጥ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። የሚስቱ ወንድም ባድሩ ከአዲስ አበባ ሚኒሶታ መጥቶ፣ ኒው ሆፕ ከተማ ባለችው የሀዚም ጠባብ አፓርትመንት ሶፋው ላይ ይተኛል። ሻኮፒ ከተማ ያለው መጋዘን ሥራ ያስገባውም ሀዚም ነው፤ በመኪናው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። አውቶቡስ እዚያ አይደርስም። ባድሩ ሶፋውን ካጣ መኪናውን ያጣል፤ መኪናውን ካጣ ሥራውን።

ሐምሌ ላይ ሴይንት ፖል፣ ፌለን ሐይቅ ዳር ከአገር ልጆች ጋር ፒክኒክ ተደረገ።

«ሰፈራችን ስንት ሐይቅ እያለ እዚህ ድረስ ምን አመጣን?» አለ ባድሩ።

«አሸዋው ጥሩ ነው» አለችው እህቱ ዙለይሃ።

እውነቷን ነው። አዲስ አሸዋ ተደፍቶበት ነበር፤ ገና ሰው ስላልጠቀጠቀው እንደ ዱቄት እግር ያሰምጣል።

ከምሳ በኋላ ሀዚም ቦርጩን እያሻሸ ጀመረው።

«እኔ የምልህ፣ ሯጩ፣ ሯጭ ነበርኩ ስትል ሁላችንም ሰምተናል። ስትሮጥ ያየህ ግን የለም።»

«ክለብ ውስጥ ነበርኩ። አስፋልት ላይ ብታየኝ አትጠይቅም።»

«አስፋልት ከየት ላምጣልህ? እዚሁ ከእኔ ጋር ሩጣ።»

«ካንተ ጋር?» ባድሩ ቦርጩን አየ። «ዙሌ፣ ባልሽ ኢንሹራንስ አለው?»

ሰዉ ሳቀ። ሀዚምም አብሮ ሳቀ።

«በባዶ አልሮጥም» አለ። «ካሸነፍክ ሶፋው እስከፈለግክበት ያንተ ነው፤ ሥራም አመላልስሃለሁ። ካሸነፍኩህ ዛሬውኑ የራስህን ቤት ትፈልጋለህ።»

ሳቁ ቆመ። ይህ በቁም ነገር ቢባል ሽማግሌ ያስነሳል። በጨዋታ ከተባለ ግን ጨዋታ ነው፤ ማንም «የሚስቱን ወንድም አባረረ» ሊል አይችልም። ባድሩ እምቢ ቢል እዚያው ይቀር ነበር። ግን ሚኒሶታ ከገባ ጀምሮ ያገኘው ፈረንጅ ሁሉ «ኢትዮጵያዊ ነህ? ትሮጣለህ?» ይለዋል፤ እሱም ሁሉንም አዎ ብሏል። ፊቱ የቆመው ደግሞ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ነው።

«ጋሽ ባህሩዲን ይዳኙን» አለ።

ጋሽ ባህሩዲን ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣሉ። ከወንበራቸው ሳይነሱ ሁለቱንም አዩ።

«ፈቅዳችኋል? በኋላ አስታርቁን ብላችሁ እንዳትመጡብኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ሀዚም ጫማና ካልሲውን አወለቀ። ባድሩም ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ዙለይሃ ትከሻውን ያዘችው።

«ተው፣ ባድሬ። ስብርባሪ ጠርሙስ አይቻለሁ። እግርህ ቢቆረጥ ነገ ሥራ እንዴት ትቆማለህ?»

ጫማው ከአገር ይዞት የመጣው የሩጫ ጫማ ነው። ማሰሪያውን አጠበቀ።

ዋናተኞችን ከሚጠብቁት ሰዎች ወንበር ተነስተው ዳር ያለውን ምሰሶ ዞረው ሊመለሱ ነበር። ባድሩ እንደለመደው ተነሳ፤ በእግሩ ጣቶች፣ ጉልበቱን አንስቶ፣ እርምጃውን አስረዝሞ። መጀመሪያ ቀደመ። ከዚያ አሸዋው ያዘው። በጣቶቹ በገፋ ቁጥር እግሩ ወደታች እንጂ ወደፊት አይሄድም። አሸዋው በጫማው አፍ ገባ፤ ጫማው ከበደ። የባሰ ገፋ፤ የባሰ ሰመጠ።

ሀዚም ሮጠ እንኳን አይባልም። በሙሉ ውስጥ እግሩ አጭር አጭር እየረገጠ፣ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘ መጣ። ያደገው ጅቡቲ ነው፤ ኳስ የተጫወተው ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ነው። ባድሩም ይህን ያውቃል፤ ከሩጫ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አላሰበበትም። ሀዚም ምሰሶውን ቀድሞ ዞረና የራሱን ዱካ እየረገጠ ተመለሰ።

«አስፋልቱን ላስመጣልህ?» አለው ሲተላለፉ።

ባድሩ ሲዞር በአፍጢሙ ተደፋ። ከዳር አንዱ «ተነስ፣ ሯጩ» አለ። ሲነሳ ሀዚም ደርሶ ውሃ እየጠጣ ነበር። ጋሽ ባህሩዲን ምንም ማወጅ አላስፈለጋቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

ባድሩ ተቀምጦ ጫማውን ሲገለብጠው አሸዋው እንደ ስኳር ፈሰሰ። ዙሪያውን ሕፃናት በባዶ እግራቸው ይሯሯጣሉ።

«ዙሌ፣ ጠርሙሱ የታል?»

«አንስተውት ይሆናላ።» ምንጣፉን እያጠፈች ነበር።

የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ መኪናው ሄደ። ሀዚም የኋላውን ከፈተለት። ሻንጣው እዚያ ነበር። ብርድ ልብሱ ታጥፎ፣ የጥርስ ብሩሹ በፌስታል ተቋጥሮ ከላዩ ተቀምጧል። ጠዋት «ዕቃውን እኔ እጭናለሁ፣ አንተ ውረድ» ያለችው ዙለይሃ ነበረች።

«ሜፕልዉድ፣ ሆርዶፋ ጋ የሚከራይ ክፍል አለ» አለ ሀዚም። «ከዚህ ቅርብ ነው።»

«ሻኮፒስ በምን ልሄድ ነው?»

«ራይድ ፈልጋ። ቃል የሰጠኸው አንተ ነህ።»

ባድሩ እህቱን አየ።

«አንቺ ነሽ የሸከፍሽው?»

«ብታሸንፍ መልሰን እናወርደው ነበር» አለች።

ልጃቸው ቱባ ከኋላ ወንበር ተጣራች። «ማሚ፣ ቱናይት ሶፋው ላይ ቲቪ ማየት እችላለሁ?»

«ትችያለሽ።»

ባድሩ የመኪናውን በር ያዘ።

«ቆይ» አለችው ዙለይሃ።

ፈጥኖ ዞረ።

«እግርህን አራግፍ። መኪናው ትናንት ነው የተጠረገው።»