የቦንሳ ስክሪን

ከድጃ አዲስ ስልክ ልግዛ አልግዛ እያለች ከራሷ ጋር መሟገት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ሰው ባል ሲመርጥ እንኳ ይህን ያህል አያወጣም አያወርድም። ጠዋት ስትነሳ «እገዛለሁ» ትላለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ «ምን በወጣኝ» ትላለች፣ ማታ ልጇ ሪሐና ከሥራ ስትመለስ ደግሞ የሁለቱንም ወገን ክርክር አንድ ላይ ታሰማታለች።

ነገሩ የስልክ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ከድጃ መካኒሳ ላይ የሴት ልብስ መስፋት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ስፌቷ ጥሩ ነው፤ ግን ጥሩ የሚሰፋ በሰፈሩ ሞልቷል። እሷን ከሌላው የለያት ቀለም ማወቋ ነው። ቁራጭ ናሙና እንኳ ሳትይዝ መርካቶ ትወርድና ከመቶ ጥቅል መሀል የተባለውን ቀለም መዝዛ ትመጣለች። ጨርቁን አፍንጫዋ ድረስ ታስጠጋለች፣ ግራ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ በቀኙ ትፈርዳለች። ሙያውን ያስተማሯት ሴትዮ እንዲህ ያደርጉ ስለነበር እሷም ሌላ ዘዴ አታውቅም። ደንበኞቿ «ቀለም ከሆነ ከድጃ ጋ ሂዱ» ሲሉ ያልሰማች ትመስላለች እንጂ ሆዷ ቅቤ ይጠጣል። አሁን አደጋ ላይ የወደቀው ይኸው ስሟ ነው።

ጀሞ የምትኖር ናዝሬት የምትባል ልጅ በጥር ልታገባ ነው። የስድስት ሚዜዎቿን ቀሚስ ለከድጃ ሰጥታ የቀለሙን ፎቶ በቴሌግራም ላከችላት። ከድጃ መርካቶ ወረደች፣ ስልኳን ከጨርቁ ጎን አድርጋ ግራ ዓይኗን ጨፈነች፣ ልክ ነው አለች፣ ለስድስቱም የሚበቃውን አስቆርጣ መጣች። ናዝሬት ሚዜዎቿን ለማስለካት ቀን ልትቀጥር ስትመጣ ጨርቁን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው።

«እትዬ ከድጃ፣ ይሄ የእኔ ነው?»

«የማን ይሁን ታዲያ?»

«እኔ የላክሁልዎት ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። ይሄ እኮ አመድ ነው።»

ከድጃ ፎቶውን ከፍታ ከጨርቁ ጋር አስተያየች። አንድ ናቸው። ናዝሬት የራሷን ስልክ አወጣች። ከድጃ ከሩቅ ስታየው ሐምራዊ መሰላት፤ ጠጋ ብላ ስትመረምረው አመድ ሆነባት። እንደገና ራቅ አደረገችው፣ እንደገና አስጠጋችው። የነገሩ ውል ጠፋባት።

ሰው ግራ ሲገባው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ከድጃም ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከሱቋ ፊት ለፊት፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቦንሳ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ስልክ ይጠግናል። አምና ስልኳ ወድቆ ሲሰነጠቅ ስክሪኑን የቀየረው እሱ ነው። ከድጃ እዚያው ናዝሬት ፊት ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ዘጠና ደንበኞቿ ላሉበት የቴሌግራም ግሩፕ በድምፅ እንዲህ አለች፦ «ቦንሳ የቀየረልኝ ስክሪን ቀለም ያበላሻል። ያልሆነ ጨርቅ አስገዝቶ አዋረደኝ። ስልካችሁን እዚያ እንዳትሰጡ።»

ቦንሳ በማግስቱ መጣ። አልተቆጣም። የራሱን ስልክ ከስልኳ ጎን አስቀምጦ አንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ ከፈተ።

«ይዩት እትዬ፣ አንድ ናቸው።»

ከድጃ ግራ ዓይኗን ጨፍና አየች። ሁለቱም ቢጫ አዝለዋል።

«ሁለቱንም የነካካሃቸው አንተ ነህ» አለችው።

ቦንሳ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሱቁ ደጃፍ የሚቆሙት ሴቶች እየሳሱ ሄዱ። ከድጃ ይህን ከመስኮቷ ታያለች፤ የእጁን ነው ያገኘው ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

«እማ፣ ስልክሽ እኮ ስድስት ዓመቱ ነው» ትላታለች ሪሐና። «የዘንድሮውን ግዢና ተገላገይ።»

«ለኦቨርሎክ ስፌት ማሽን ያስቀመጥኩትን ብር?»

«ቀለሙ ካልታየሽ ኦቨርሎኩ ምን ያደርግልሻል?»

ልጅቷ ልክ ነች። ግን ከድጃን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነው። ስልኩ አንዳንዴ ደህና ይሆናል። ሶፋ ላይ ጋደም ብላ የሰው ሠርግ ስታይ ነጩ ቬሎ ነጭ ነው። ለሥራ አስጠግታ ስትመረምረው ግን ነጩ ሁሉ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ስልክ እንደ ሰው ያኮርፋል እንዴ? ሥራ ሲያይ የሚለግመው ምን ቢሆን ነው? ሪሐናን ብትጠይቃት «ያረጀ ስልክ እንደዚያ ነው» ብላ ዘጋቻት። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ለኦቨርሎኩ ያስቀመጠችውን ይዛ፣ ታክሲ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አቧራ እየጠጣች፣ ብስራተ ገብርኤል ወደሚገኝ ስልክ መሸጫ ሄደች።

ሻጩ ሚሳኤል የሚባል ለስላሳ ወጣት ነው። የዘንድሮውን ስልክ ካርቶኑን ቀዶ በሁለት እጁ አቀረበላት።

«ማዘር፣ ይሄ ቢሊዮን ቀለም ያሳያል።»

«እኔ የምፈልገው አንድ ቀለም ነው ልጄ» አለችው።

የናዝሬትን ፎቶ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አሻገረላት። ከድጃ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ግራ ዓይኗን ጨፈነች። አመድ ነው።

«ይሄም ቢጫ አለው።»

ሚሳኤል ስልኩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። ከመደርደሪያው ሌላ አመጣ። እሱም አመድ ነው። በአንድ ጠዋት ስንት ስልክ ይበላሽባታል? ቦንሳ እዚህ ድረስ መጥቶ አልነካካቸው። የታክሲው አቧራ ያስለቀሰው ቀኝ ዓይኗ ይቆረቁራት ስለነበር የሻርፗን ጫፍ አንስታ ሸፍና ያዘችው፤ ስልኩ ግን እጇ ላይ እንደበራ ነበር።

ሐምራዊ ሆነ። ፈዛዛ፣ የጠራ ሐምራዊ።

ሻርፑን አነሳችና ግራውን ጨፈነች። አመድ። ቀኙን ሸፈነች። ሐምራዊ። አሮጌ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና ደገመችው። አመድ፣ ሐምራዊ። ባንኮኒው ላይ የነበረውን ደረሰኝ አነሳች፤ በግራው ነጭ ወረቀት፣ በቀኙ ሻይ የፈሰሰበት። ጋደም ብላ በሁለቱም ዓይኗ ስታይ ግራው ሲያቃናላት ኖሯል። ሥራ ላይ ስትሆን ጨፍና ታባርረው ነበር።

ሚሳኤል ገባውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴንም እንዲሁ ሲያደርጋት ነበር፤ የዓይን ሞራ ነው አሏት። ይነሳል እኮ ማዘር፣ ተነሥቶላታል።» ትንሽ ቆየና «ስልኩን ልመልሰው?» አላት።

«መልሰው። እሱ ምን በደለ» አለችው።

ከበሽታው ይልቅ ቀድሞ የቆጫት የቦንሳ ነገር ነው። ስልኩን ከስልኳ ጎን አስቀምጦ «ይዩት እትዬ» ያላት መጣባት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንደ እሷ ላለችው ነው። ታክሲ ውስጥ ሐሳቧ ወዲያና ወዲህ ተጎተተ። ዝም ብትል ማን ያውቃል? በያዘችው ብር ዓይኗን ታክምና ስሟ እንደተከበረ ይቀጥላል። ብትናገር ደግሞ አመድና ሐምራዊ ለማይለይ ሰው ማን የሠርግ ጨርቅ ያስገዛል? እንጀራዋ እኮ ነው። መካኒሳ ወርዳ በቦንሳ ደጃፍ አለፈች፣ ተመለሰች፣ እንደገና አለፈች። በሦስተኛው ገባች።

ቦንሳ ብቻውን ነበር። ሲያያት ብድግ አለ።

«ደግሞ ምን ሆነ እትዬ?»

«ስልኩ ምንም አልሆነም» ብላ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «የታመመው ዓይኔ ነው። አንተን በከንቱ አማሁህ።»

በርጩማውን አቀረበላትና የብስራተ ገብርኤሉን ነገር እስክትጨርስ ሰማት። ግሩፑን ከፍታ ልትናገር ስትል ግን እጁን አነሳ።

«የዓይንዎን ለምን ይነግሯቸዋል? ተሳስቼ ነው ቢሉ ይበቃኛል።»

ከድጃ ይህችን ለመቀበል ልቧ ቋመጠ። እንዲያ ብትል ሁለቱም ያልፍላቸው ይመስላል።

«እንዲያ ካልኩ ይሉኝታ ይዟት ነው ብለው አያምኑኝም» አለች በመጨረሻ። «ደጅህ ጭር እንዳለ ይቀራል።» የድምፁን ምልክት ተጫነች።

«እኔ ከድጃ ነኝ። ስለ ቦንሳ ስክሪን ያልኳችሁ ስህተት ነው። ስክሪኑ ደህና ነው። ቀለም የማያየው ቀኝ ዓይኔ ነው፣ ላሳክመው ነው። እስክድን ጨርቅ ለመምረጥ በእኔ አትመኩ። ስልካችሁን ለቦንሳ ስጡ።»

ጣቷን ስታነሳ መልእክቱ ሄደ። ሁለቱም ስልኩን እያዩ ተቀመጡ። አንድ ሰው ሰማው፣ ዐሥር ሰው ሰማው፣ ሠላሳ ሰው ሰማው። ማንም ምንም አላለም። ከድጃ የሃያ ሁለት ዓመት ስሟ በዚያች መስታወት ውስጥ ሲፈስ የምታይ መሰላት፤ አለቀሰች። ቦንሳ የሚያደርገው ቢጠፋው ስልኩን አንስቶ በጨርቁ ወለወለላት።

ያን ጊዜ ከናዝሬት መልእክት ገባ። ከድጃ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና አነበበችው፦ «እትዬ፣ ማክሰኞ መርካቶ አብረን እንውረድ። ቀለሙን እኔ አይልዎታለሁ። ስፌቱን ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም።»

ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም። ቀለም ሌላ ሰው ሲያይላት በዕድሜዋ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ስልኩን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታማው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።