ለእሁዱ ጨዋታ የሰጠሁት ቀን

የፊታችን እሁድ ብሔራዊ ቡድናችን የሚጫወተው ከደጋፊዎች በተዋጣ ቀን ተዘጋጅቶ ነው። እኔም አንድ ሰጥቻለሁ።

ነገሩ የመጣው ከአሠልጣኞቻችን ነው። በተሸነፍን ቁጥር «የዝግጅት ጊዜ አጠረን» ይላሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ አሠልጣኝ ሲቀያየር ይህች ቃል አልተቀየረችም። በመጨረሻ የደጋፊዎች ማኅበራችን ተሰበሰበና፣ እንዲህ ከሆነማ ጊዜውን እኛ እናዋጣለን አለ። እያንዳንዱ አባል ከዕድሜው አንድ ቀን ይሰጣል፤ ቡድኑ ይለማመድበታል። አሥራ ሁለት ሺህ አባላት ነን። ሁለት የማጣሪያ ጨዋታ አለብን፤ የእሁዱ እዚህ፣ የረቡዑ እነሱ አገር። እናልፋለን ብለን ማናችንም አልሰሰትንም።

ቅጹን ያስሞላኝ የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ግዛቸው ነው።

«የትኛውን ቀን ትሰጣለህ?»

«ጥቅምት ሁለትን።»

«ምንም የለበትም?»

«ምንም።»

«ቀኑ የሚወሰደው ከነያዘው ነው» አለና አስፈርሞኝ ማኅተሙን መታ።

ጥቅምት ሁለትን የሰጠሁት ጥቅምት አሥራ ሁለትን እንዳይነኩብኝ ብዬ ነው። ልጄ ምንትዋብ የምትመጣው በዚያ ቀን ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አሁን ወደ ሌላ አገር ስትዛወር አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ያቆማታል። «ኦክቶበር አሥራ ሁለት፣ አባዬ። አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ» አለችኝ በስልክ። ኦክቶበር ማለት ጥቅምት መሆኑን ማን ያጣዋል? እንዳልረሳው ግድግዳው ላይ ጥቅምት አሥራ ሁለት ብዬ በከሰል ጻፍኩ።

ጥቅምት አንድ ተኛሁ። ስነቃ ጥቅምት ሦስት ሆኗል። ራሴን አላመመኝም፣ አልደከመኝም። ጠረጴዛው ላይ የተበላባቸው ሁለት ሳህኖች ነበሩ። ጎረቤቴ ወይዘሮ የውብዳር በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ትናንት ከልጅህ ጋር ስትስቁ ዋላችሁ። እሰይ።»

«እኔ አልነበርኩም።»

«እንግዲህ እኔ ከኋላህ ነው ያየሁህ» አለችና ልብሷን ማስጣት ቀጠለች።

ኦክቶበር አሥራ ሁለት በእኛ ጥቅምት ሁለት ነው። ይህን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ያን ሰሞን ግን በጭንቅላቴ ውስጥ ከእሁዱ አሰላለፍ በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። በማንም አልተናደድኩም፣ በራሴ ነው የነደድኩት።

አቶ ግዛቸው ቢሮው ውስጥ ነበር።

«ቀኔን መልሱልኝ» አልኩት።

«ተለማምደውበታል።»

«ልጄ ነበረችበት።»

«ምንም የለበትም ብለህ ፈርመሃል።» ፊርማውን አሳየኝ። የእኔው ነው። «ከፈለግህ ሄደህ ተጫዋቾቹን ራሳቸውን ጠይቅ።»

ልምምድ ሜዳው በር ላይ የከለከለኝ የለም። ውስጥ አረንጓዴ ማሊያ የለበሱ ሽማግሌዎች ይሮጣሉ። መጀመሪያ የድሮ ተጫዋቾች መስለውኝ ነበር። አሥራ ሁለት ሺህ ቀን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እንደሚቀረው ከመካከላችን ያሰላ ሰው አልነበረም። ባለፈው ወር ሃያ አራት ዓመቱ የነበረው አጥቂያችን ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። አሠልጣኙ ብቻ እንደነበረ ነው። አንድ ጋዜጠኛ ስለ እሁድ ሲጠይቀው፣ «ቡድኑን በወጣቶች መተካት አለብን፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል» አለ።

በረኛውን ዮናታንን ከጎሉ አጠገብ አገኘሁት። ጎፈሬው ነጭ ሆኗል። እሱ ጋሼ ይበለኝ፣ እኔ ጋሼ ልበለው፣ ሁለታችንም ትንሽ ግራ ገባን።

«ጥቅምት ሁለት የእኔ ነበር» አልኩት።

«ልጅቷ ያለችበት ቀን? ከተለማመድንባቸው ከመጨረሻዎቹ ቀኖች አንዱ ነበር። ሌሎቹ ልምምዱን ቀጠሉ። እኔ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አየኋትና ሄድኩ።»

«ምን አለችህ?»

«አባቴ ቀረብኝ አለች። አንጀቴ አልቻለም። እኔ ነኝ አልኳት።»

«አመነችህ?»

«ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ‹አርጅተሃል› አለችኝ።»

ልመታው ፈልጌ ነበር። ነጭ ጎፈሬውን አየሁና ተውኩት።

«ማታ ስትሄድ ጉልበቴን ሳመች። መርቄያታለሁ» አለ።

«ምን ብለህ?»

«አባት እንደሚለው።»

የእሱ ስልክ ጠራ። «ይቅርታ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝና አንዱን ጓንት በጥርሱ አወለቀ።

«አቤት የኔ ልጅ። ደህና ገባሽ? በላሽ?»

የእኔን ስልክ ከኪሴ አውጥቼ አየሁት። ማንም አልደወለም።

ዮናታን ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል ይዞ፣ እየሳቀ ሄዶ ጎሉ መሐል ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ መምታት ጀመሩ። ኳሶቹ በግራውም በቀኙም እያለፉ መረቡ ውስጥ ገቡ። እሱ አንዱንም ዞር ብሎ አላየም፤ ልጄ የምትነግረውን ይሰማ ነበር።